የባያፍራ ሳንቲሞች፦ በጦርነት መካከል የወጣ ገንዘብ እንደ ታሪክ ማስተማሪያ

መግቢያ

አንድ መንግሥት ነጻነቱን ካወጀ በኋላ ለመፈጸም ከሚጣደፍባቸው ተግባራት አንዱ የራሱን ገንዘብ ማውጣት ነው። ሰንደቅ ዓላማ በአደባባይ ይሰቀላል፤ መዝሙርም በሥነ ሥርዓት ጊዜ ይዘመራል። ገንዘብ ግን በየዕለቱ፣ በየገበያውና በየቤቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የመንግሥት ቃል ነው። ስለሆነም የታሪክ መምህራን ሳንቲምንና የወረቀት ገንዘብን እንደ ታሪክ ማስረጃ አድርገው ቢጠቀሙበት ተገቢ ነው።

ለኢትዮጵያ መምህራን በዚህ ረገድ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የአክሱም ሳንቲም ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው ኢዛና በመጀመሪያ ባወጣቸው ሳንቲሞች ላይ የጨረቃና የክበብ ምልክት ይታይ እንደነበረ፣ በኋላ ግን በቦታው መስቀል እንደተተካ የታወቀ ነው። ይህን ለውጥ ተማሪው በዓይኑ እያየ የሃይማኖቱን ለውጥ እንዲረዳ ማድረግ ከፍ ያለ ጥቅም አለው። ይሁን እንጂ ሳንቲሙ የሚያስረዳው ንጉሡ ሊናገር የፈለገውን ነው። ያው ሳንቲም በአዱሊስ ገበያ ምን ያህል እህል ይገዛ እንደነበረ፣ የገጠሩም ገበሬ በእጁ ይዞት ያውቅ እንደሆነ፣ ከሳንቲሙ ገጽ ላይ አይነበብም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ችግር በቅርብ ዘመን በተፈጸመ አንድ ታሪክ አማካይነት መመርመር ነው። ለዚህም የተመረጠው እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1970 (ከ1959 እስከ 1962 ዓ.ም.) የቆየችው የባያፍራ ሪፐብሊክ በጦርነት ላይ እያለች ያወጣችው ገንዘብ፣ በተለይም የ1969 የነጻነት መታሰቢያ ሳንቲሞች ናቸው። ባያፍራ የተመረጠችበት ምክንያት ዘመኑ ቅርብ በመሆኑ መንግሥቱ በሳንቲሙ ላይ የተናገረውም፣ ሕዝቡ በሳንቲሙ ያገኘውም ጎን ለጎን ሊታይ ስለሚችል ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የጦርነቱ መነሻ

ናይጄሪያ ኦክቶበር 1 ቀን 1960 ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ነጻ ወጣች። በጃንዋሪ 1966 የተወሰኑ የጦር መኰንኖች ባደረጉት መፈንቅለ መንግሥት የሰሜንና የምዕራብ ከፍተኛ መሪዎች ተገደሉ። በጁላይ ወር ደግሞ ሁለተኛ መፈንቅለ መንግሥት ተደረገና ሌተና ኮሎኔል ያኩቡ ጎዎን ሥልጣን ያዙ። በዚያው ዓመት በሰሜን ናይጄሪያ ይኖሩ የነበሩ የምሥራቅ ተወላጆች፣ በተለይም ኢግቦዎች፣ በብዙ ሺህ ተገደሉ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑትም ንብረታቸውን ጥለው ወደ ትውልድ አገራቸው ሸሹ። በጃንዋሪ 1967 በጋና ውስጥ በአቡሪ ከተማ የተደረገው ስምምነት በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ሜይ 27 ቀን 1967 የፌዴራሉ መንግሥት አገሪቱን በ12 ክፍላተ ሀገር ከፈላት። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሜይ 30 ቀን፣ የምሥራቁ ክፍል አስተዳዳሪ የነበሩት ሌተና ኮሎኔል ቹኩዌሜካ ኦዱሜጉ ኦጁኩ የባያፍራን ነጻነት አወጁ። ጁላይ 6 ቀንም ጦርነቱ ተጀመረ።

አዲሲቱ አገር ዋና ከተማዋን ኤኑጉን በኦክቶበር 1967፣ የባሕር በሯን ፖርት ሃርኮርትን በሜይ 1968 አጣች። ከዚያ ወዲህ በየብስና በባሕር ተከብባ፣ ከውጭው ዓለም ጋር የምትገናኘው በአብዛኛው ከመኪና መንገድ በተሠራው የኡሊ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ያውም በሌሊት ብቻ ነበር። በይፋ ያወቋት አገሮች ታንዛኒያ፣ ጋቦን፣ አይቮሪ ኮስትና ዛምቢያ፣ ከአፍሪካ ውጭም ሃይቲ፣ በጠቅላላው አምስት ናቸው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉዳዩን የሚመለከት ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር፤ በኦገስት 1968 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በሰብሳቢነት የመሩት የሰላም ንግግር በአዲስ አበባ ተከፍቶ ሌተና ኮሎኔል ኦጁኩ ራሳቸው ቀርበው ተናግረዋል። ንግግሩ ግን ያለ ውጤት ተበተነ።

የባያፍራ ገንዘብ የወጣው እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። ወሰኗ በየወሩ የሚጠብና ከአምስት አገሮች በስተቀር ማንም በይፋ ያላወቃት አገር ሳንቲም ስታስቀርጽ፣ ሳንቲሙ ዕቃ ከመግዛት ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል ማለት ነው።

2. የአካባቢው ሕዝብና ገንዘብ

ባያፍራ የተመሠረተችበት ምድር የራሱ የሆነ ረጅም የገንዘብ ታሪክ ነበረው። ከባሕር ዳር እስከ መሐል አገር ዛጎል ይሠራበት ነበር። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ደግሞ ፖርቱጋሎች፣ በኋላም ሌሎች አውሮፓውያን፣ ማኒላ የተባለውን ከመዳብና ከመዳብ ቅይጥ የተሠራ፣ በአንድ በኩል ክፍት የሆነ የአምባር ቅርጽ ያለው ገንዘብ አስገቡ። በማኒላ ባሪያ ይሸጥና ይገዛ ነበር፤ የባሪያ ንግድ ከቀረ በኋላም የዘንባባ ዘይት ይገዛበት ነበር።

እንግሊዞች ቅኝ ግዛታቸውን ካስፋፉ በኋላ በ1912 የምዕራብ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድን አቋቁመው በፓውንድ፣ በሺሊንግና በፔኒ የሚቆጠር ገንዘብ አሠራጩ። አንድ ፓውንድ 20 ሺሊንግ፣ አንድ ሺሊንግ 12 ፔኒ ነው። ሕዝቡ ግን ማኒላውን በቀላሉ አልተወም። በመጨረሻ ከ1948 እስከ 1949 ባለው ጊዜ መንግሥት ማኒላውን በሺሊንግ እየለወጠ ከ32 ሚሊዮን በላይ ሰብስቦ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ሸጠው። ነጻነት ሲቃረብ የናይጄሪያ ማዕከላዊ ባንክ ተቋቁሞ ከ1959 ጀምሮ የናይጄሪያ ፓውንድ በሥራ ላይ ዋለ፤ በዚያ ዓመት በወጡት የሺሊንግ ሳንቲሞች ላይ የተቀረጸው የእንግሊዝ ንግሥት ምስል ነበር።

ይህ ታሪክ ለጉዳዩ አግባብ አለው። በ1969 በባያፍራ ገበያ ተቀምጣ ካሳቫ ትሸጥ የነበረች የ50 ዓመት ሴት፣ በዕድሜዋ ማኒላውን፣ የቅኝ ገዢውን ሺሊንግ፣ የናይጄሪያን ፓውንድና የባያፍራን ፓውንድ በእጅዋ ለመያዝ የምትችል ነበረች። መንግሥት ገንዘብን እንደሚያወጣ ሁሉ እንደሚሽርም ያወቀችው በትምህርት ቤት ሳይሆን በኑሮዋ ነው።

3. ከሳንቲሙ በፊት የወረቀቱ ገንዘብ

ባያፍራ ነጻነቷን ካወጀች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወራት የምትገለገለው በናይጄሪያ ፓውንድ ነበር። በጃንዋሪ 1968 የፌዴራሉ መንግሥት የወረቀት ገንዘቡን ቀለም ለውጦ በማውጣት የቀድሞው ኖት እንዲሻር አደረገ። በባያፍራ ባንኮችና በሕዝቡ እጅ ይገኝ የነበረው የናይጄሪያ ኖት በጥቂት ቀኖች ውስጥ ዋጋ የሌለው ወረቀት ሊሆን ነው። የባያፍራ ባለሥልጣኖች የተቻላቸውን ያህል ወደ ውጭ አገር አውጥተው ለመለወጥ ቢጣደፉም የተሳካላቸው በከፊል ብቻ ነበር። ይህ ጥይት ያልተተኮሰበት፣ ነገር ግን ከብዙ ውጊያ የበለጠ ጉዳት ያደረሰ እርምጃ ነው።

በዚያው ወር መጨረሻ፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 1968፣ የባያፍራ ባንክ የመጀመሪያዎቹን የ5 ሺሊንግና የ1 ፓውንድ ኖቶች አወጣ። በኖቶቹ ላይ የዘንባባ ዛፍና የምትወጣ ፀሐይ ተሥለውባቸዋል። በኋላ የ10 ሺሊንግ፣ የ5 ፓውንድና የ10 ፓውንድ ኖቶች ተጨመሩ። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ የወጣው ገንዘብ በጠቅላላው ከ115 እስከ 140 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚደርስ ይገመታል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ገንዘብ የወጣው ለክብር ሳይሆን በችግር ምክንያት መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። ደመወዝ የሚከፈለውና ግብር የሚሰበሰበው በአንድ ነገር መሆን ነበረበት። ከአንድ ዓመት በኋላ የወጡት ሳንቲሞች ግን ከዚህ የተለየ ጠባይ አላቸው።

4. የ1969 ሳንቲሞች

ባያፍራ በ1969 ያወጣቻቸው ሳንቲሞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ለዕለት መገበያያ የታሰቡ ሲሆኑ ከአሉሚኒየም የተሠሩ የ3 ፔኒ፣ የ6 ፔኒ፣ የ1 ሺሊንግና የ2 ከግማሽ ሺሊንግ ሳንቲሞች ናቸው። ከነዚህ ውስጥ የ6 ፔኒው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። አሉሚኒየም ቀላልና ርካሽ ስለሆነ መዳብና ኒኬል ለጦር መሣሪያ በሚፈለጉበት ጊዜ ብዙ አገሮች ለሳንቲም የሚጠቀሙበት ብረት ነው። ሁለተኛዎቹ ለመታሰቢያ የወጡት ናቸው፤ እነዚህም የ1 ፓውንድ የብር ሳንቲምና ሁለተኛውን የነጻነት ዓመት ለማሰብ የተቀረጹት የ1፣ የ2፣ የ5፣ የ10 እና የ25 ፓውንድ የወርቅ ሳንቲሞች ናቸው። ወርቁ ባለ 22 ካራት ሲሆን፣ ትልቁ ሳንቲም ወደ 80 ግራም፣ ትንሹ ወደ 4 ግራም ይመዝናል። የሳንቲም ዝርዝር መጻሕፍት እንደሚያስረዱት የእያንዳንዱ ዓይነት ብዛት 3,000 ያህል ነበር።

በአሉሚኒየም ሳንቲሞቹ ገጽ ላይ የሚታየው፣ በኖቶቹ ላይ እንዳለው ሁሉ፣ የዘንባባ ዛፍና የምትወጣ ፀሐይ ነው። ዘንባባው የአካባቢው ሕዝብ ዘይት፣ ምግብና ንግድ መሠረት ነው። ፀሐይዋ የባያፍራ ሰንደቅ ዓላማ ዋና ምልክት ስትሆን፣ በሰንደቅ ዓላማው ላይ ያሏት 11 ጨረሮች የአገሪቱን 11 አውራጃዎች ያመለክታሉ። በነዚህ ሳንቲሞች ላይ የመሪው ምስል አልተቀረጸም። ንግሥት በነበረችበት ቦታ ዛፍ መተካቱ ራሱን የቻለ ንግግር ነው፤ ሥልጣኑ ከዘውድ ሳይሆን ከምድሪቱና ከሕዝቡ የመነጨ ነው ለማለት የተፈለገ ይመስላል።

ይሁን እንጂ በሳንቲሙ ላይ ያልተለወጠም ነገር አለ። የአገሪቱ ስም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ባያፍራ የኢግቦዎች ብቻ ሳትሆን የኤፊክ፣ የኢቢቢዮ፣ የኢጆና የሌሎችም ሕዝቦች መኖሪያ ስለነበረች የአንዱን ቋንቋ መርጦ የሌላውን መተው አስቸጋሪ እንደነበረ መገመት ይቻላል፤ ከነዚህ ሕዝቦች መካከል የአዲሱን መንግሥት ምሥረታ በሙሉ ልብ ያልተቀበሉ ወገኖች ነበሩና። የገንዘቡ አቆጣጠርም ያው የእንግሊዝ ፓውንድ፣ ሺሊንግና ፔኒ ነው። እንግሊዝ ደግሞ በዚያ ጦርነት ለፌዴራሉ መንግሥት መሣሪያ ታቀርብ የነበረች አገር ናት። አዲሲቱ አገር ምስሉን ብትለውጥም መለኪያውን አልለወጠችም።

ከሁሉ በላይ ግን የመታሰቢያ ሳንቲሞቹን ትርጉም የሚያጐላው የወጡበት ጊዜ ነው። መንግሥቱ ከኤኑጉ በኋላ የተቀመጠባት ኡሙአሂያ ከተማ በፌዴራሉ ጦር የተያዘችው ኤፕሪል 22 ቀን 1969 ነው። ሁለተኛው የነጻነት በዓል የዋለው ከዚህ በኋላ በአምስት ሳምንት ገደማ፣ ሜይ 30 ቀን ነበር። ጁን 5 ቀን የቀይ መስቀል የእርዳታ አውሮፕላን በፌዴራሉ አየር ኃይል ተመትቶ ወደቀና ቀይ መስቀል የሌሊት በረራውን አቆመ። በዚያን ጊዜ በባያፍራ ሕፃናት የሚሞቱት በጥይት ብቻ ሳይሆን፣ ኳሺዮርኮር በተባለው ከፕሮቲን እጦት በሚመጣ በሽታ ነበር። በጦርነቱ ዘመን በረኀብና በውጊያ የሞተው ሕዝብ ግምት ከግማሽ ሚሊዮን እስከ ሦስት ሚሊዮን ይደርሳል። እንግዲህ የ25 ፓውንዱ የወርቅ ሳንቲም የአንዲት አገር ሁለተኛ የልደት ቀን መታሰቢያ ሆኖ የተቀረጸው በዚህ ዓመት ነው።

ይህን ሲያነብ ተማሪው «ወርቁ ለምን እህል አልተገዛበትም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ ቀላል አይደለም። የወርቅ ሳንቲም በሦስት ሺህ ብዛት የሚቀረጸው በአገር ውስጥ ገበያ ሊሠራበት ሳይሆን በውጭ አገር ለሚገኙ ሰብሳቢዎች ሊሸጥ ነው። ከሽያጩ የውጭ ምንዛሪ ይገኝ ዘንድ ይታሰባል፤ የአገሪቱም ስም በማያውቋት አገሮች ቤት ይገባል። የፖስታ ቴምብሯም በዚሁ መንገድ ለሰብሳቢዎች ይቀርብ ነበር። ስለዚህ የወርቁ ሳንቲም የዕውቅና ጥያቄ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን ጥያቄው የቀረበላቸው ሰዎችና ረኀቡ የደረሰባቸው ሰዎች የተለያዩ ነበሩ። በሳንቲሙ ላይ ስሙ የተጻፈው ሕዝብ ሳንቲሙን አላየውም።

5. የገበያው ፍርድ

በአገር ውስጥ የባያፍራ ገንዘብ በሕዝቡ ዘንድ ለረጅም ጊዜ ተቀባይነት አግኝቶ መቆየቱ ሊካድ አይገባም። ወታደሩም፣ መምህሩም፣ ነርሷም ደመወዛቸውን የተቀበሉት በዚሁ ገንዘብ ነው። በውጭ ገበያ ሊመነዘር የማይችል ወረቀት ሁለት ዓመት ያህል ዕቃ መግዛቱ ሕዝቡ ለዓላማው የነበረውን እምነት ያመለክታል። ይሁን እንጂ እምነት የሌለውን ዕቃ አያመጣም። የአገሪቱ ወሰን ሲጠብ የእርሻው መሬት ቀነሰ፤ ስደተኛው በዛ፤ የገንዘቡም መጠን ጨመረ። በዚህ ምክንያት የዕቃ ዋጋ በየወሩ ናረ።

የዚህ ዋና ምልክት ጨው ነው። የባሕር በሩ ከተዘጋ በኋላ ጨው በባያፍራ ከሁሉ የከበረ ሸቀጥ ሆነ። ሕዝቡ ወደ ኡቡሩና ወደ ኦክፖሲ የጨው ሐይቆች ተመልሶ እንደ አያቶቹ ጨው ማፍላት ጀመረ። አሞሌ ጨው ራሱ ገንዘብ የነበረበትን ዘመን የሚያውቅ የኢትዮጵያ ተማሪ፣ ጨው ከገንዘብ የሚበልጥበትን ጊዜ ለመረዳት አይቸገርም።

ሁለተኛው ምልክት «አፊያ አታክ» የተባለው ንግድ ነው። ይህ ስም የተሰጠው ሴቶች በሌሊት የጦር ግንባሩን እያቋረጡ ፌዴራሉ በያዘው ክልል ጨው፣ መድኃኒትና ሌላም ሸቀጥ ገዝተው ይመለሱበት ለነበረው ንግድ ነው። ብዙዎች በዚህ መንገድ ላይ ሞተዋል። ከግንባሩ ማዶ የባያፍራ ፓውንድ አይሠራም፤ የሚፈለገው የናይጄሪያ ገንዘብ ነበር። በመሆኑም በአንድ ሴት መቀነት ውስጥ ሁለት ገንዘብ ይገኝ ነበር፤ አንዱ ደመወዝ የተከፈለበት፣ ሌላው የልጅ ሕይወት የሚገዛበት። በሳንቲሙ ላይ የተጻፈውንና ሳንቲሙ የሚገዛውን ልዩነት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ የለም።

6. ከጦርነቱ በኋላ

ኦጁኩ በጃንዋሪ 1970 ወደ አይቮሪ ኮስት ሄዱ። በምትካቸው የቀሩት ጄኔራል ፊሊፕ ኤፊዮንግ ጃንዋሪ 15 ቀን በሌጎስ እጅ መስጠታቸውን በይፋ አረጋገጡ። ጄኔራል ጎዎን በዚያን ጊዜ «አሸናፊም ተሸናፊም የለም» ብለው አወጁ፤ በጅምላ የተፈጸመ የበቀል እርምጃም አልነበረም። ይህ በአፍሪካ የእርስ በርስ ጦርነቶች ታሪክ ውስጥ በምስጋና የሚጠቀስ ነው።

በገንዘብ በኩል የተወሰደው ውሳኔ ግን ሌላ ገጽታ አለው። የባያፍራን ገንዘብ ይዘው ወደ ባንክ ለቀረቡ ሰዎች፣ ያስገቡት መጠን ምንም ያህል ቢሆን፣ የተከፈላቸው 20 የናይጄሪያ ፓውንድ ብቻ ነው። ነጋዴውም፣ ደመወዙን ያጠራቀመውም መምህር፣ ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን በባንክ ያኖረውም ሰው በ20 ፓውንድ እኩል ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ የውጭ ኩባንያዎች ድርሻ ለናይጄሪያውያን እንዲሸጥ የሚያዝ ሕግ ሲወጣ፣ ከምሥራቅ ብዙዎቹ ድርሻ የሚገዙበት ገንዘብ በእጃቸው አልነበረም። በዚህ ምክንያት የ20 ፓውንዱ ጉዳይ እስከ ዛሬ ድረስ በናይጄሪያ ፖለቲካ ውስጥ እንደ ቅሬታ ይነሣል። ናይጄሪያም ራሷ በ1973 ፓውንዱን ትታ ናይራን ተካች።

የወርቅ ሳንቲሞቹ ዕጣ ከዚህ የተለየ ሆነ። የመንግሥት ዋስትና የሌለው የባያፍራ ኖት ወረቀት ሆኖ ሲቀር፣ ወርቁ ወርቅ ሆኖ ቀረ፤ ብርቅነቱም ተጨምሮበት በሰብሳቢዎች ዘንድ በውድ ዋጋ ይሸጣል። በኡሙአሂያ በሚገኘው ብሔራዊ የጦርነት ሙዚየም የባያፍራ ገንዘብ ለተመልካች ቀርቧል። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው ምልክቱ ነው፤ የጠፋው የሕዝብ ቁጠባ ግን በመስታወት ውስጥ ሊቀመጥ የሚችል ነገር አይደለም።

7. ለንጽጽር የሚረዱ ሁለት ታሪኮች

የባያፍራ ሁኔታ ብቸኛ አይደለም። በጁላይ 1960 ከኮንጎ መገንጠሏን ያወጀችው ካታንጋ በ1961 የ1ና የ5 ፍራንክ ሳንቲሞች አወጣች፤ የ5 ፍራንኩም በወርቅ ጭምር ተቀርጿል። በሳንቲሞቹ ላይ የሙዝ ዘለላና በአካባቢው ከጥንት ጀምሮ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው የመዳብ መስቀል ይታያል። ካታንጋ የሕዝቡን አሮጌ ገንዘብ በአዲሱ ላይ ስትቀርጽ፣ ባያፍራ ማኒላውን አልመረጠችም፤ ይህም ለውይይት የሚሆን ልዩነት ነው። የካታንጋ መገንጠል በጃንዋሪ 1963 የኢትዮጵያ ወታደሮች ጭምር በነበሩበት በተባበሩት መንግሥታት ጦር ፍጻሜ አግኝቷል።

ሁለተኛው ታሪክ የኢትዮጵያ ነው። ዓፄ ምኒልክ ምስላቸውንና የይሁዳን አንበሳ የያዘ ብር በፓሪስ አስቀርጸው ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያወጡ፣ ከኢጣሊያ ጋር ሊደረግ ያለው ጦርነት እየተቃረበ ነበር። ብሩ በራስ ፊደል የተጻፈ የሉዓላዊነት ማረጋገጫ ነው። ሆኖም ገበሬውና ነጋዴው ማሪያ ቴሬዛን ማስቀደማቸውን አልተዉም። ዓድዋ ላይ ድል ያደረገ መንግሥት እንኳ በገበያ ላይ ወዲያው ሊያዝ አልቻለም። በወረራው ዘመን ደግሞ ኢጣሊያ ሊሬን በግድ ለማስለመድ ሞክራ ሕዝቡ ስላልተቀበላት፣ ራሷ ማሪያ ቴሬዛን በሮም ለመቅረጽ ተገድዳለች። ከነዚህ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት፣ መንግሥት የሚሰጠው ዕውቅናና ገበያ የሚሰጠው ዕውቅና ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው።

8. በመማሪያ ክፍል ስለሚሰጠው አገልግሎት

በታሪክ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ሳንቲም ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ እንደ ጌጥ ወይም እንደ ዓርማ ነው። ሥዕሉ ይታያል፤ የንጉሡ ወይም የመንግሥቱ ስም ይነገራል፤ ትምህርቱም ያልፋል። በዚህ ዓይነት የሚማር ልጅ የሚያገኘው ያወጣውን መንግሥት ቃል ብቻ ነው። ይህን ጉድለት ለማረም ለእያንዳንዱ ገንዘብ የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች ማቅረብ ይቻላል።

ሀ. ገንዘቡን ያወጣው ማን ነው? በምንስ ሁኔታ ላይ ሳለ?
ለ. በገጹ ላይ ምን ተቀረጸ? ምንስ ሳይቀረጽ ቀረ? በምን ቋንቋ ተጻፈ?
ሐ. በእርግጥ የታሰበው ለማን ነው? ለአገሬው ገበያ ወይስ ለውጭ ሰው?
መ. በወጣበት ዘመን ምን ያህል እህል፣ ጨው ወይም ጨርቅ ይገዛ ነበር?
ሠ. ሲሻር በእጁ የተገኘበት ሰው ምን ደረሰበት?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ከሳንቲሙ ላይ ይመለሳሉ። የቀሩት ሦስቱ ግን ከሳንቲሙ ውጭ ያለ ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ የታሪክ ምርምር ማለትም ይኸው ፍለጋ ነው። ትምህርቱ ሙዚየምም ሆነ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። መምህሩ የሳንቲሙን ሁለት ገጽ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሀንና ለን ማስመለስ ይችላል። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የጨውን፣ የአፊያ አታክንና የ20 ፓውንዱን ታሪክ በአጭሩ ካቀረበ በኋላ ተማሪዎቹ የመጀመሪያ መልሳቸውን እንደገና እንዲመረምሩ ያደርጋል። ብዙዎቹ በመጀመሪያ «ባያፍራ ጠንካራ መንግሥት ነበረች» ብለው ቢጽፉ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ሳንቲሙ የተቀረጸው ይህን ለማሳመን ነውና።

ለቤት ሥራ የሚሆነው ደግሞ በየቤቱ አለ። በ1969 ዓ.ም. የቀድሞው የወረቀት ገንዘብ በአዲስ መተካቱን የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም አሉ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች ሲለወጡና የ200 ብር ኖት ሲጨመር የሆነውን ደግሞ አብዛኛው ቤተ ሰብ ያስታውሰዋል። ተማሪው ወላጁን፣ አያቱን ወይም የሠፈሩን ባለ ሱቅ «በዚያን ጊዜ ገንዘብዎን እንዴት ለወጡ? የቸገረዎት ነገር ነበር?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ቢጽፍ፣ መ እና ሠ የተባሉት ጥያቄዎች ሕያው ይሆኑለታል።

ለሥርዓተ ትምህርት አቃጆችም አንድ ነጥብ ማንሣት ይገባል። በመማሪያ መጽሐፍ ላይ የሳንቲም፣ የቴምብር ወይም የሰንደቅ ዓላማ ሥዕል በሚገባበት ሥፍራ ሁሉ፣ ከሥዕሉ አጠገብ የዚያን ዘመን ኑሮ የሚያስረዳ አንድ ማስረጃ፣ የገበያ ዋጋ ወይም የአንድ ሰው ቃል፣ አብሮ እንዲገባ ቢደረግ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ማጠቃለያ

የባያፍራ ሳንቲሞች ሐሰተኛ ማስረጃዎች አይደሉም። ከብዙ ግፍ በኋላ የራሱን አገር ለመመሥረት የተነሣ ሕዝብ ምኞት በላያቸው ተቀርጿል፤ ያም ምኞት እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ያስረዱት ግማሹን ነው። መታሰቢያ ሳንቲም የሚያወጣው ክፍል እንዲታወስለት የሚሻውን ይመርጣል፤ ያልመረጠውን የሚያስታውስ ሌላ ማስረጃ ያስፈልገዋል። የዘንባባው ዛፍና የምትወጣዋ ፀሐይ በአሉሚኒየም ላይ ቀርተዋል። ለአንድ ስኒ ጨው ግንባር ያቋረጡት ሴቶችና በባንክ መስኮት ላይ የዕድሜ ልክ ቁጠባቸው በ20 ፓውንድ የተዘጋባቸው ሰዎች ግን በማንኛውም ሳንቲም ላይ አልተቀረጹም። እነርሱን ወደ ታሪክ ትምህርት የሚያስገባቸው ትክክለኛውን ጥያቄ የሚጠይቅ መምህር ነው።